በእናቴ ዳዊት ውስጥ የነበረችው የትንባሆ ካርድ

ቂመኛ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመኩራራትም ለመናዘዝም አይደለም፤ ሰው ቁመቱን እንደሚናገር ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ላሚኔት የማደርግባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ደንበኞቼ ሳቂታ ነው ይሉኛል። እውነት ነው፣ እስቃለሁ። ግን አንድ ሰው የዛሬ አሥር ዓመት የተናገረኝን ክፉ ቃል ከነአነጋገሩ ልደግምላችሁ እችላለሁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብሎ የተረተው ሰው ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ ቂም መነሻ አንዲት ካርድ ናት። ድሮ በውጭ አገር በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ሲጋራው እንዳይጨማደድ ጠንካራ ወረቀት ይከቱበት ነበር። ወረቀቱ ላይ መርከብ፣ ወፍ፣ ኳስ ተጫዋች ይሳልበታል፤ አጫሹም የቀረውን ሥዕል ለማግኘት ሲል ሌላ ፓኮ ይገዛል። ከእነዚያ ካርዶች አንዷ ጋይንት ድረስ መጥታለች። አያቴ ለአንድ የውጭ አገር መንገደኛ በቅሎ ሲጭን ከርሞ፣ ሰውየው ሲሰናበተው ከደመወዙ ሌላ ባዶ የሲጋራ ቆርቆሮ ሰጠው አሉ። ቆርቆሮው ዝጎ ተጣለ። ውስጡ የተገኘችው ካርድ ግን ለአባቴ ደረሰች፣ አባቴም በዳዊቱ ቅጠሎች መካከል አስቀመጣት።

ከግማሽ መዳፍ አትበልጥም። መደቧ ቀይ ነው። አንድ ሰው ቆብ ደፍቶ፣ ወፍራም ዱላ ትከሻው ላይ አስደግፎ ወደ ጎን ይመለከታል። አባቴ «የገና ተጫዋች ነው፤ ሩር ሊመታ ነው» ይል ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። «ገና ቢሆን ጫፉ ቆልመም ይል የለም ወይ? ይህ ቀጥ ያለ ነው። መቋሚያ ነው፤ የመቋሚያው ራስ ከሥዕሉ ውጭ ቀርቶ ነው። ሰውየውም ጻድቅ ነው።» አባቴ ዳዊት ደጋሚ ቢሆንም ከእናቴ ጋር መከራከር አያውቅበትም። እሱ ካረፈ በኋላ እሷ ጠዋት ጠዋት ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥታ ትስመዋለች፣ ከዚያ ካርዷን አውጥታ የሰውየውን እግር ትስማለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ማንበብ አትችልም ነበር። የካርዷ የታችኛው ጠርዝ በመሳሟ ብዛት ሻክሮና ነጥቶ ነበር።

እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽን መጠገን ልማር ደብረ ታቦር ሁለት ሳምንት በሄድኩበት ጊዜ ነው ሰውየው የመጣው። የእስቴ ሰው ነው፤ መካነ ኢየሱስ ይኖራል። በቆዳ ቦርሳ ጠገራ ብር፣ አሮጌ ቴምብር፣ የጥንት ወረቀት እየለቀመ ስማዳንና ጋይንትን የሚያካልል ነጋዴ ነው። እናቴ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቀው የገጠር ቤታችን ነበረች። የሆነውን ሁሉ የነገረችኝ እዚያው ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል የነበረች ጎረቤታችን ናት፤ ቃል አትጥልም፣ አትጨምርምም።

ሰውየው የድሮ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴ «ከባሌ ዳዊት በቀር የለኝም፤ እሱ ደግሞ አይሸጥም» አለችው። ልየው አላት፤ አሳየችው። ቅጠሉን ሲገልጥ ካርዷን አገኘ። ጎረቤታችን እንዳለችው ካርዷን ገልብጦ ጀርባዋን ወደ ብርሃን አቀረበ።

«እናቴ፣ ይህን ማን ነው ብለው ነው ከዳዊት ጋር ያስቀመጡት?»

«ጻድቅ ነው ልጄ። ስሙን አላውቀውም።»

«ጀርባውን አስነብበው ያውቃሉ?»

«የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበዋለሁ። ትንባሆ ነው የሚለው። የሲጋራ ማስታወቂያ ነው እኮ! አባቶች በከሃዲ መቃብር ላይ በቀለ የሚሉትን ቅጠል ነው ስንት ዘመን ከዳዊት ጋር የሚስሙት።»

እናቴን የማያውቅ ሰው ይህ ቃል ምን እንዳደረጋት አይገባውም። ትንባሆ የጨሰበት ቤት ደጃፍ ላይ የማትቆም ሴት ናት። «ከቤቴ አውጣልኝ! በእመቤቴ፣ ውሰድልኝ!» ብላ ለመነችው። እሱ ደግሞ እምቢ አለ። «የእርስዎን ጣጣ እኔ ለምን እሸከማለሁ? እኔም ነፍስ አለኝ» አላት። አስለመናት። ሦስት ጊዜ ካስለመናት በኋላ ካርዷን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ጫፍ አንሥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተታት። እናቴ ኃጢአቷን ስለተሸከመላት አንድ ቁና ባቄላ ሰፍራ ሰጠችው። ባቄላውንም ወሰደ።

አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባል ሰው አለ። ይህኛው ግን ከዚያም ይብሳል፤ አልዋሸማ። የካርዷ ጀርባ እውነትም የትንባሆ ማስታወቂያ ነው። ቢዋሽ ኖሮ ውሸታም ብዬ እገላገለው ነበር። በእውነት ዘረፋት። ካርዷን ብቻ ቢወስድ ደግሞ ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል፤ ባቄላው ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ከደብረ ታቦር ስመለስ እናቴን ያገኘኋት ስትሰግድ ነው። ለንስሐ አባቷ ተናዝዛ ኖሯል። ሁለት ሱባኤ ጾም፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት። ጉልበቷ በቁርጥማት ያበጠ፣ ከተቀመጠችበት ለመነሣት እንኳ ሰው የሚደግፋት ሴት ምሰሶውን እየጨበጠች ትወድቃለች፣ ምሰሶውን እየጨበጠች ትነሣለች። ዳዊቱንም ጸበል ረጭታበት የብራናው ቅጠል ተኮማትሮ፣ ቀለሙ ፈስሶ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲደግመው የኖረው መጽሐፍ ግማሹ አይነበብም። በንዴት ወደ ንስሐ አባቷ ሄድኩ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ በትዕግሥት ሰሙኝና «እኔ የለም፣ አላወቁም፣ ኃጢአት የለበትም ብያቸው ነበር። እሳቸው ናቸው ቀኖና ካልሰጡኝ ብለው እግሬ ላይ የወደቁት። መቶ ይስጡኝ ቢሉኝ ነው ወደ አርባ አንድ ያወረድኩት» አሉኝ። ለእሳቸው የያዝኩት ንዴት ሁሉ ዞሮ ያ ሰውዬ ላይ ተደረበ።

ያን ጊዜ ነው ስለ ካርዶች መማር የጀመርኩት። ትምህርቱን ወድጄው አይመስላችሁ፤ ሰው ጠላቱ የሚሄድበትን መንገድ እንደሚያጠና ነው ያጠናሁት። ማታ ማታ ስልኬን ይዤ እፈልጋለሁ። ዱላ የያዘው ሰው ገና ተጫዋችም ጻድቅም አልነበረም፤ ቤዝቦል የሚባል የአሜሪካ ጨዋታ ተጫዋች ነው። ካርዷ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። የእሷን ቢጤዎች በስንት እንደሚሸጧቸው ሳይ ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ለእናቴም ነገርኳት፦ «ኳስ ተጫዋች ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም።» እሷ ግን «ከምን ውስጥ ነው የወጣው?» አለችኝ። «ከሲጋራ ፓኮ» አልኳት። «አየህ?» አለችኝ።

ቀስ በቀስ አወቅሁበት። የካርድ ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማዕዘኑ ሹል ነው ወይስ ተጠጋግቷል፣ ሥዕሉ መሐል ላይ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፣ እጥፋት አለው ወይ፣ ጀርባው እድፍ አለው ወይ፣ ሁሉንም በአጉሊ መነጽር መለየት ቻልኩ። ፈረንጆቹ በቁጥር ነው ደረጃ የሚሰጡት። እኔ ቁጥሩን ትቼ የአውድማ ቃል አደረግኩት። ንጹሑ «ፍሬ»፣ ትንሽ ጉድለት ያለበት «ግርድ»፣ የተጎዳው «ገለባ»፣ የማይረባው «እብቅ»። ቴሌግራም ላይ ስሜን ሳልጽፍ ቻናል ከፈትኩ። አሮጌ ቴምብርና ካርድ ያላቸው ሰዎች ፎቶ እየላኩ ደረጃ ያስወጣሉ። ገበሬ ያሳደገው ሰው ሁሉ ቃሉ ገባውና ቻናሉ ስም አወጣ። «ፍሬ ነው ብሎኛል» ያለ ሰው ገዢ አያጣም።

ያ ነጋዴም ወደ ቻናሉ መጣ። ፊቱን ከነነጭ ጢሙ በመገለጫው ላይ አድርጎ፣ ከመካነ ኢየሱስ ነኝ ብሎ ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ የመርከብ ካርዶች ላከልኝ። ፎቶውን ለጎረቤታችን ወስጄ ሳሳያት እንዝርቷን ጣለችና «እሱ ነው! ባቄላውን የወሰደው!» አለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እጄ ላይ ነበር። አልዋሸሁበትም፤ ይህን እወቁልኝ። ለሌላው የማልፈውን ጭረት ግን ለእሱ አላለፍኩም። ሌላው ሰው ልኮት ቢሆን «ፍሬ» የምለውን «ግርድ» አልኩት፤ «ግርድ» የሚሆነውን «ገለባ»። «ጌታዬ፣ እባክዎ ደግመው ይዩልኝ» እያለ ይለምነኛል። እኔም እንደ እሱ ሦስት ጊዜ አስለምኜ ያንኑ ደረጃ እሰጠዋለሁ። ገዢ ሸሸው። ዕቃው «የገለባ ዕቃ» ተባለ። ይህን ሁሉ ሳደርግ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልዋሽላችሁ አልችልም፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ግን የእናቴን ካርድ አንድም ቀን አውጥቶ አላሳየም። እኔ የምጠብቀው እሷን ነበር። ወይ ካርዷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ወይ እሱ አይጠቀምባትም፤ ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን አልተኛም ብዬ ነበር።

እናቴ ካርዷ በሄደች በሦስተኛው ዓመት አረፈች። እሱ ገደላት አልልም፤ ዕድሜዋ ነበር። ነገር ግን ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ «ያቺን ነገር ይቅር ይለኝ ይሆን?» አለችኝ። ልጆቿን አልጠራችም፣ ርስት አላነሣችም። የጠየቀችኝ ይህንን ብቻ ነው። «ይቅር ብሎሻል» አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ካረፈች ሌላ አምስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ዓቢይ ጾም፣ ረፋድ ላይ፣ መብራት በነበረበት ቀን፣ አንድ ሽማግሌ በነጠላ ተሸፍኖ ሱቄ ገባ። ጢሙን ሳይ አወቅሁት። እሱ እኔን ከየት ያውቀኛል? ፊቴን አይቶት አያውቅም። እጥፍጥፍ ያለ ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታው።

«ልጄ፣ ይህን ላሚኔት ታደርግልኛለህ?»

ቀይ መደብ። ዱላ የያዘ ሰው። የነጣ የታችኛው ጠርዝ። ገልብጬ ጀርባዋን አየሁ፤ እሷው ናት።

ላሚኔት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ወረቀቱን በሁለት ፕላስቲክ መሐል አድርጎ በጋለ ማሽን ማሳለፍ ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይለየውም። እኛ ዘንድ የተወደደ ነገር ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል፦ የመሬት ደብተር፣ የሠርግ ፎቶ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድ። ለአሮጌ ካርድ ግን ሞት ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ካርድ ምንም ያህል ቢያምር እብቅ ነው። ይህን በቻናሌ ላይ «እባካችሁ ላሚኔት አታድርጉ» እያልኩ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ። ይህ ብልጣብልጥ፣ እናቴን ያታለለ ሰው፣ እንደ ማንኛውም ባላገር የሚወደውን ነገር ፕላስቲክ ሊያለብስ መጣ። እግዚአብሔር በእጄ ጣለልኝ አልኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊቆም ይገባ ነበር፤ ላስቆመው እችል ነበር። የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ወፍራሙን ፕላስቲክ ነው ወይስ ስሱን?»

«ወፍራሙን።»

ማሽኑን አብርቼ እስኪግል ጠበቅኩ። አረንጓዴው መብራት ሲበራ ካርዷን በፕላስቲኩ መሐል አድርጌ አስገባኋት። መጀመሪያ የገባው የታችኛው ጠርዝ ነው፣ የእናቴ ከንፈር ያነጣው። አየሁት። ያን ሰዓት ማሽኑን ማጥፋት ይቻል ነበር። አላጠፋሁም። ሞቃት የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ረካሁ። በሌላኛው በኩል ወጣች፣ እያብለጨለጨች፣ ሞታ።

ሽማግሌው ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አያት። ፈገግ አለ።

«እሰይ። ከእንግዲህ ማንም አይሸጣትም» አለ።

«እንዴት ማለት?»

«ይህ ካርድ በውጭ ገበያ ብዙ ብር ያወጣ ነበር። ፕላስቲክ ከለበሰ ግን እብቅ ነው። አንድ የሚያውቅ ሰው በስልክ ያስተምራል፣ ከእሱ ነው የተማርኩት።» ካርዷን በጨርቁ መልሶ መጠቅለል ጀመረ። «የአንዲት እናት ነው። አታልዬ ነው የወሰድኩባቸው። ስንት ዓመት ልሸጠው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ዘንድሮ ለፋሲካ ልቆርብ ብዬ ስናዘዝ የንስሐ አባቴ የወሰድከውን ሳትመልስ አትቆርብም አሉኝ። ብመልስላቸው ደግሞ ሌላ እንደኔ ያለ ሌባ መጥቶ እንዳያታልላቸው ፈራሁ። ለዚህ ነው። ባላቸው ዳዊት ደጋሚ ነበሩ፤ ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ቤቱ። ታውቃቸው ይሆን ልጄ?»

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኳት በቀል ጭራሽ የእኔ አልነበረችም። ከእኔው ቻናል ተምሮ፣ በእኔው ማሽን፣ በእኔው እጅ ንስሐውን አስጨረሰኝ። ካርዷን ገደልኩበት ስል የገደልኩት የራሴን ነው።

«አውቃታለሁ» አልኩ። «እናቴ ናት። አምስት ዓመቷ ነው ከሞተች።»

ጠረጴዛውን ይዞ ዝቅ አለና ግንባሩ መሬት ሊነካ ደረሰ። ከዚያ ካርዷን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

«ይቅር በለኝ። በእሳቸው ፈንታ ተቀበለኝ። ልጅ ከተቀበለ እናት እንደተቀበለች ነው።»

ተቀበልኩት፤ ማለቴ በእጄ ያዝኩት። ገና አልበረደም ነበር። በፕላስቲኩ ሥር የነጣው ጠርዝ በደንብ ይታያል። ከዓለም ላይ የእናቴ ከንፈር ያረፈበት የቀረ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው፤ ዳዊቱ ተበላሽቷል። ኪሴ ውስጥ ብከተው ነገሩ ያልቃል። እሱም ይቆርባል፣ እኔም ካርዴን አገኛለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋሁት።

«መልስ የተባሉት ለእሷ ነው። ለእሷ ይስጡ።»

«አርፈዋል አልከኝ እኮ ልጄ።»

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።»

«ይህንን ይዤ እንዴት እቆርባለሁ?»

«እሷም በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደሰገደች እኔ አይቻለሁ» አልኩት። «አርባ አንድ ጊዜ፣ በየቀኑ። የላሚኔቱን ሂሳብ ብቻ ይስጡኝ።»

ከፈለኝ። ካርዷን በጨርቁ ጠቅልሎ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ እስከ መናኸሪያው ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ፤ ይጠራኛል ብሎ ይሆናል። አልጠራሁትም። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ፣ ረዳቱ በሩን ዘጋው፣ ሄደ።

ፋሲካው አልፏል። መቁረቡን አለመቁረቡን አልጠየቅኩም። እኔ አልቆረብኩም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም፤ አውቀዋለሁ፣ ለዚህም ነው ከደጀ ሰላሙ ወደ ውስጥ የማልገባው። ሌላው የማውቀው ነገር እናቴ ብትኖር ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር ነው። ካርዷን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ብላው፣ ምሳ ሳታበላው አትለቀውም ነበር። ይህን ያወቅኩት በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስብ አይደለም። ካርዷን ወደ እሱ ስገፋት አውቀው ነበር።